ሳይለቀስላቸው የቀሩት ጎረቤታችን

በእኛ ብሎክ ቧንቧ ሲንኳኳ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

ገላን ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቆይቶ ሲለቀቅ አየሩ ቀድሞ ይገባና ብረቱን ከግራውንድ እስከ አራተኛ ፎቅ ኳ፣ ኳ ያደርገዋል። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ መጥቶ «አየር ነው፣ ምንም አይደለም» ብሎ ሄዷል። ሌላ ብሎክ ቢሆን ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ «ውሃ መጣ!» እያለ ባልዲ ይደቅናል። የእኛ ጎረቤቶች ግን እጃቸው ላይ ያለውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። እስኪያቆም ድረስ ማንም ወደ ቧንቧው አይጠጋም።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ነገሩ ሲሆን እኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ኮዬ ፈጬ ቤት ተከራይቼ አስተምር ነበር። አባቴን የማየው አልፎ አልፎ ቅዳሜ ሚኒባስ ተጋፍቼ ስመጣ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣው አቃቂ ውስጥ ካለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሽመና ክፍል አብረውት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ባልንጀራ አሉት፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምላቸው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ለሁለቱም ገላን፣ ያውም አንድ ብሎክ ላይ ደረሳቸው። አባቴ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጋሼና ባለቤታቸው አራተኛ ፎቅ ገቡ። ያን ቀን አባቴ በደስታ ሲያለቅስ አይቻለሁ። የብሎኩን እድር የመሠረቱትም ሁለቱ ናቸው፤ አባቴ ዳኛ፣ ጋሼ ጸሐፊ ሆኑ።

የሽመናው ማሽን ጩኸት የሁለቱንም ጆሮ ጎድቶት ስለነበር ስልክ ላይ መደማመጥ አይሆንላቸውም። አንዱ ሌላውን ሲፈልግ በየኩሽናው የሚያልፈውን የውሃ ብረት በማንኪያ ይመታዋል። ብረት ሲመታ ከጆሮ ይልቅ እጅና እግር ይሰማዋል ይሉ ነበር። «ና ውረድ፣ እግራችንን እናፍታታ» ማለት ነው። አንዳንዴ የጋሼ ባለቤት ይመቱታል፤ ያ ደግሞ «ምሳ ደርሷል፣ ና ውጣ» ነው። እኔ እማማ ነበር የምላቸው። ልጅ አልወለዱም። ስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ ለራሳቸው የማይቀምሱትን ጣፋጭ ለብሎኩ ልጆች ሲያድሉ ይውላሉ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ማን ከየት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው አንባቢ ታሪኩን ሳይሰማ ለማን እንደሚያዝን ይወስናል፤ እኛም የጠፋነው በዚያው መንገድ ነው። ጋሼና ባለቤታቸው በዚያን ሰሞን ስሙ ከተጠላው ወገን ነበሩ፤ እኛ አልነበርንም። ይኸው ይበቃል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በእኛና በእነሱ መሃል፣ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ እናት ይኖራሉ። ልጁ ወታደር ነበር። መርዶው የመጣው በክረምት ነው። አስከሬን አልመጣም፤ የት እንደወደቀ እንኳ በቅጡ የነገራቸው የለም። እድሩ ከብሎኩ ፊት ለፊት ድንኳን ተከለ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ለቅሶ ብቻ አልነበረም። «ጠላታችን ከላያችን ተኝቶ እኛ ታች እናለቅሳለን» ያለ ሰው ነበረ። ማን እንዳለው ዛሬ አስታውሳለሁ የሚል አታገኙም። ቃሉን ግን ሁሉም ያስታውሰዋል። አባቴ በእድር ዳኝነቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰማ፤ ምንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ አራተኛ ፎቅ መስኮት አልተከፈተም። ደረጃ ላይ ሲያገኛቸው ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ብዙ ሳይቆይ በጠራራ ፀሐይ ሰዎች መጥተው ጋሼን ወሰዷቸው። ሰው ጠቁሟቸው ነው። በዚያን ሰሞን እንዲህ የተወሰደ ብዙ ነው፤ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም ነበር። እማማ ብቻቸውን ቀሩ። መውረድ ስለፈሩ የተዘጋውን መስኮት ለአፍታ ከፍተው ገመድ ይለቃሉ፤ ግራውንድ ላይ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ዳቦና ሻማ በፌስታል አድርጎ ያስርላቸዋል። በብሎኩ ከእሳቸው ጋር የሚነጋገር ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም በገመድ።

እኔ እንደሞቱ የሰማሁት በስልክ ነው። «ስኳሩ ነው» አለኝ አባቴ፤ ሌላ ነገር አላለም። ጥያቄም አላበዛሁም፤ ስኳር ሰው ይገድላል።

ወደ ገላን ጠቅልዬ የመጣሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጦርነቱ ቆመ ከተባለ በኋላ ነው። ጎረቤቶች ደውለው «አባትሽ ደህና አይደለም» አሉኝ። ቤቱ ስገባ ሳሎን ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ኩሽና ሬዲዮ ይጮኻል። የውሃውን ብረት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ከላይ እስከ ታች በሲባጎ አስሮታል። ሬዲዮውን አጠፋሁ። ከሳሎን እየተጣደፈ መጥቶ መልሶ ከፈተው።

«አባዬ፣ ጆሮህ ባሰበት እንዴ?» አልኩት።

«ጆሮዬስ ደህና ነው» አለኝ። «ክፋቱ ደህና መሆኑ ነው።»

ነገሩን ያወጣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ዕርቅ ይናገራሉ፤ እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ድንገት «እነሱ ትልቁን ይታረቁ» አለ። «የኛን ደረጃ ማን ያስታርቀዋል?» ከዚያ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ ነገረኝ።

ጋሼ ታስረው በነበሩበት ጊዜ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብረቱ ተመታ። አባቴ መጀመሪያ ምሳ ደርሷል የተባለ መሰለውና ሊነሳ ቃጣው። ከዚያ የጊዜው ነገር ትዝ አለው። ብረቱ እንደገና ተመታ። በማንኪያ ነው፤ የማንኪያን ድምፅ ያውቀዋል።

«ወጣሁ» አለኝ። «አልወጣህም እንዳትይኝ፣ ወጥቻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የወታደሩ እናት በራቸው ላይ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። እሳቸውም ሰምተው ነው የወጡት። ወደ ላይ እያዩ ነበር። ተያየን። ‹ወዴት ነው?› አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«‹ውሃ መጣ ወይ ብዬ ነው› አልኩ። እሳቸውም ‹አልመጣም› አሉኝ። ተመልሼ ወረድኩ። እሳቸውም በራቸውን ዘጉ።»

ያን ቀን ቤቱ ተመልሶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨምሮ ተቀመጠ። ብረቱ እስከ ማምሻው ድረስ ሲመታ ቆየ፤ እየደከመ፣ እየራቀ። ከዚያ ቆመ።

በማግስቱ ገመዱ አልወረደም። ባለሱቁ ከታች ቢጣራ መልስ አጣ፤ ወጥቶ በሩን ሰበረ። እማማ ኩሽና ወለሉ ላይ ነበሩ፤ ማንኪያው ከእጃቸው ሥር ወድቋል። ያን ለሰው የተናገረው ራሱ ባለሱቁ ነው። የማንኪያው ነገር በደረጃው ወርዶ በየቤቱ ገባ፤ የሰማውም ያልሰማውም ያን ድምፅ እንደሰማ ሆነ።

እድሩ ቀበራቸው። ድንኳን ግን አልተተከለም። ስብሰባው ላይ አንዱ «ባላቸው የሉ፣ ልጅ የላቸው፣ ማንን ለማጽናናት እንቀመጣለን?» አለ፤ ሁሉም እፎይ አለ። ጋሼ ሲፈቱ ነገሩን የነገራቸው አልነበረም። ደረጃውን ወጥተው በራቸው ላይ የማያውቁት ቁልፍ ሲያዩ ወደ ሱቁ ወረዱ። መርዷቸውን የሰሙት ባንኮኒው ላይ፣ ሳሙና የሚገዙ ሰዎች መሃል ቆመው ነው። ባለሱቁ መክፈቻውን ሰጣቸው። ተመልሰው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ማንንም አላነጋገሩም።

አባቴ ይህን ተናግሮ ሲያበቃ እኔን አሳዘነኝ ወይስ አስፈራኝ እስካሁን አልለየሁትም። የማውቀው አባቴ ነው፤ ለታመመ ሰው ሌሊት ታክሲ ፍለጋ የሚወጣ ሰው። እዚያ ደረጃ ላይ የቆመውን ሰው ግን አላውቀውም። ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ለጋሼ ንገራቸው» አልኩት።

«ምን ሊሆንለት? ሞታለች።»

«የሆነውን ማወቅ ግን አለባቸው።»

ሲያንገራግር ሰንብቶ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን «ክንዴን ያዢኝ» አለኝ። ሦስተኛውን ፎቅ ስናልፍ ፊቱን ከወታደሩ እናት በር አዞረ። ጋሼ በሩን ከፍተው አዩን፤ ግቡ አላሉንም። ከስተዋል፣ ጢማቸው አድጓል። ከኋላቸው ቤቱ ጨለማ ነው፤ መጋረጃው እንደተጋረደ ነው።

አባቴ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው። ‹ውሃ መጣ ወይ› ያለውን ሳይቀር። ጋሼ በሩን በእጃቸው እንደያዙ ይሰሙ ነበር።

«ረጅም ጊዜ መታችው?» አሉ በመጨረሻ።

አባቴ ዋሽቶ ቢሆን ደስ ባለኝ። «እስከ ማምሻው» አላቸው።

«እስከ ማምሻው» አሉ ጋሼ። ደግመው አሉት። ከዚያ በሩን ዘጉት፤ በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ይመስል። አባቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና «አጠፋሁ፣ ደግሜ ገደልኳት» እያለ አለቀሰ።

ሳምንቱን በሙሉ አራተኛ ፎቅ እየወጣሁ በራቸው ላይ ሳዳምጥ ኮቴ ሰማሁ፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለሱ። እኔ ክፉ ነገር ፈራሁ። ሳምንቱ ሲያበቃ በማለዳ የእኛ በር ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ሳይቀመጡ አባቴን «እድርተኛ ነኝ አይደለሁም?» አሉት።

«ነህ እንጂ።»

«እንግዲያው ሚስቴ ሞታብኛለች። ድንኳን ትከሉልኝ።»

አባቴ «ሰው… ሰው ባይመጣስ?» አለ።

«ባይመጣም ማን እንዳልመጣ አውቃለሁ» አሉ ጋሼ። «አሁን ግን ማወቅም አልቻልኩም። ለሁሉም ሰላም እላለሁ፤ ከነዚህ አንዱ ነው የጠቆመኝ እያልኩ። የማን እጅ እንደሆነ ሳላውቅ ስንቱን እጅ እጨብጣለሁ? ይምጡና ፊታቸውን ልይ። ካልመጡም ባዶውን ወንበር ልይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ቆመ። እማማ የሞቱት ከዓመት በፊት ስለሆነ የእድር ደንብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ አባቴ «እኔ ዳኛ ነኝ፣ ደንቡን ለኔ ተዉት» ብሎ ተከላከለ። አንዳንዱ «የቆየ ቁስል መነካካት ነው» አለ፤ አንዳንዱ «ነገ ሌላ ነገር ቢመጣ ማን እዚያ ተቀመጠ ተብሎ ይቆጠራል» አለ። ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ጋሼ፣ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። ነፋሱ ሸራውን ያላጋዋል። በየመስኮቱ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ያያሉ፣ አይወርዱም። ከዚያ ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ መጣና ከጋሼ አጠገብ ተቀመጠ። «አላህ ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለ። ያንን ቃል እስከዚያ ቀን ማንም አላላቸውም ነበር።

ከዚያ አንድ አንድ እያለ ሰው መውረድ ጀመረ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። የሚያለቅስ የለም። ለቅሶ ቤት ያለ ለቅሶ እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ጋሼ የሚገባውን ሁሉ ፊቱን ያያሉ፤ ሰዉም ሲታይ ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል። ጥፋተኛውም ንጹሑም አንድ ዓይነት ነበር የሚያቀረቅረው። እኔ ራሴ ያኔ እዚህ ያልነበርኩት፣ ሲያዩኝ አቀረቀርኩ።

እኩለ ቀን ላይ የወታደሩ እናት መጡ። አልተቀመጡም፤ መግቢያው ላይ ቆሙ።

«ለልጄ ሲለቀስ እርስዎ አልመጡም» አሉ።

«መጥቼ ነበር» አሉ ጋሼ። «ከሚስቴ ጋር ወርደን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሰን ነበር። ድንኳን ውስጥ የሚባለውን ሰማንና ተመለስን።»

ሴትየዋ ይህን አላወቁም ነበር። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ተናደ። ድምፃቸው ግን ገና ደረቅ ነው። «እኔም ብረቱን ሰምቻለሁ» አሉ። «ወጣሁ። ያኔ ግን ልጄ ያለ መቃብር ቀርቶ የማን ሚስት ልታደግ ነው አልኩ በልቤ። ይኸው ብያለሁ። ከፈለጉ ያስወጡኝ።»

ጋሼ ተነሱ። የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሄደው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ያ ልጅሽ» አሉ፣ «ከመዝመቱ በፊት ውሃ በጠፋ ቁጥር የሚስቴን ጀሪካን በትከሻው አራተኛ ፎቅ ያወጣላት ነበር። ሁልጊዜ ሲያወጣ ያፏጫል። ‹እማማ፣ ደሞዜ ኬክ ነው› ይላታል። ኬክ መጋገር አታውቅም ነበር፤ ለራሷ የማትቀምሰውን ለእሱ ስትል ተማረች። ‹ደሞዝተኛዬ› ነበር የምትለው። መሞቱን ስንሰማ መጀመሪያ ያለቀሰችው እሷ ናት፣ መስኮት ዘግታ።»

«ያፏጭ ነበር?» አሉ እናትየው።

«ያፏጭ ነበር።»

«ቤት ውስጥ እንኳ እንዳያፏጭ እከለክለው ነበር እኮ» አሉና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። የወጣው ድምፅ እንደ ለቅሶ አልነበረም፤ ከመሬት የተነቀለ ነገር ይመስል ነበር። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ለማን እንደተለቀሰ መለየት አይቻልም ነበር። አንዷ ሴት «እማምዬ፣ ሰምተን!» እያለች ደረቷን ስትመታ አየሁ። አባቴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሏል።

ያ ቀን ሁሉን አዳነ ማለት አልችልም። ጋሼን የጠቆመው ሰው ራሱን አላወጣም። ድንኳን ውስጥ ይሁን መስኮት ላይ፣ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ሁለት ቤተሰብ በዚያ ቀን አልወረደም፤ ዛሬም ለጋሼ ሰላም አይልም። ጋሼም ድንኳኑ ሲነሳ ማንንም አላመሰገኑም። አባቴ ደፍሮ «ይቅር አልከኝ?» ቢላቸው «ገና አልጨረስኩም» ብለውታል። ቢሆንም መስኮታቸው ተከፍቷል፤ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አባቴ ሲወጣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ብዙም አያወሩም።

ከድንኳኑ በኋላ በነበረው ወር ጋሼ ወደ እማማ መቃብር ሄደው እንደማያውቁ ነገሩን፤ ብቻቸውን መሄድ አልቻሉም። ቦታውን የሚያውቀው ቀብሩ ላይ የነበረው አባቴ ነው። ሦስታችን ልንሄድ ስንል የወታደሩ እናት በራቸውን ከፍተው ወጡ፤ ጫማቸውን አድርገዋል። «ልምጣ?» አሉ። ጋሼ መንገድ ለቀቁላቸው።

መቃብሩ ሣር በቅሎበታል። አባቴ ጎንበስ ብሎ መንቀል ጀመረ፤ ጋሼ ቆመው ያያሉ። እናትየው ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ከዚያ «እኔ የምሄድበት የለኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «አፈሩ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅ።»

ጋሼ ዞረው አዩዋቸው። ከዚያ ሣሩ ከተነቀለበት በኩል ትንሽ ፈቀቅ አሉና በእጃቸው መሬቱን አሳዩ።

«ነይ፣ እዚህ አልቅሺ» አሏቸው። «ለሁለቱም ይበቃል።»

ሴትየዋ መጥተው ተንበረከኩ። የልጃቸውን ስም ጠሩ። እኛ ሦስታችን ቆመን ጠበቅናቸው።